ስድስት ኪሎ ሜትር ወደ ቂብላ

ትናንት ረፋድ ላይ የወንድሜን መቃብር ፍለጋ ወጣሁ።

ታናሽ ወንድሜ ከማል ትራክተር ነጂ ነበር። ባለፈው የሰሊጥ አጨዳ በረሃው ላይ በወባ ሞቶ እዚያው ተቀበረ። የቀበሩት ሠራተኞች ወደየአገራቸው ተበትነዋል። መቃብሩ ምልክት የለውም... ክረምት ሊገባ ነው፣ እርሻው ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ይታረሳል። ከታረሰ አበቃ።

ከቀባሪዎቹ አንዱ፣ ወሎዬ ነው፣ በስልክ የነገረኝ ይህን ብቻ ነው። «ወንድምዓለም፣ ከስልክ ታወሩ ተነስተህ ቀጥ ብለህ ወደ ቂብላ ስድስት ኪሎ ሜትር ሂድ። አፈሩን ከፍ አድርገነዋል።»

ቂብላ፣ ዞረን የምንሰግድበት የመካ አቅጣጫ፣ በስልኬ ማሳያ ላይ ሃያ ሁለት ዲግሪ ይላል። ግን ቀጥ ብሎ መሄድ አይቻልም። ጥቁሩ አፈር ተሰነጣጥቋል፤ የያዝኩትን ባጃጅ የሚያስኬዱት እርሻውን በካሬ የሚከፍሉት መንገዶች ብቻ ናቸው። ወይ ወደ ምሥራቅ፣ ወይ ወደ ሰሜን።

የሒሳብ መምህር የሆነውን ጎረቤቴን ሰዒድን ይዤው ነበር። ስልኩን መታ መታ አደረገ።

«ስድስት በኮሳይን... አምስት ከግማሽ ወደ ምሥራቅ። ስድስት በሳይን... ሁለት ከሩብ ወደ ሰሜን። አለቀ።»

ደረስን። ባዶ ሜዳ ነው። ዞርን፣ ዞርን፣ ምንም የለም። ደነገጥኩ ብል ውሸት ነው። እንደጠፋ ኩንታል ነው የፈለግሁት።

«እስቲ እንስገድና እናስብ» አለ ሰዒድ።

ሰገድን። ስግደቱን ስጨርስ ለማሰላመት ፊቴን ወደ ግራ ሳዞር... ታወሩ በግራ ትከሻዬ በኩል ቆሟል።

«ሰዒድ፣ ወደ ቂብላ ከመጣን ታወሩ ልክ ከጀርባችን መሆን አልነበረበትም?»

ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ሰሌዳ ላይ ዲግሪ የምንቆጥረው ከምሥራቅ ተነስተን ነው። ስልኩ የቆጠረው ከሰሜን ነው። ገለበጥኩት።»

«በቀን አምስት ጊዜ የምትዞርበትን አቅጣጫ?»

«ስሰግድ ሒሳብ አልሠራማ።»

ቁጥሮቹን አቀያየርን። ሁለት ከሩብ ወደ ምሥራቅ፣ አምስት ከግማሽ ወደ ሰሜን። ከመንገዱ ገባ ብሎ አንድ ሰው የሚያህል ከፍ ያለ አፈር አገኘን። ወደ ቂብላ ዞሬ ቆምኩ። ታወሩ ልክ ከጀርባዬ ነው።

በባጃጁ ጭነን የመጣነውን ድንጋይ ዙሪያውን ደረደርን። ሰዒድ ዱዓ አደረገ፣ እኔ አሚን አልኩ። እንባ ይመጣ እንደሆነ ጠበቅሁ... አልመጣም።

ዛሬ ጠዋት ቁጥሬን የተውኩለት የእርሻው ትራክተር ነጂ ደወለልኝ። «ድንጋዩን አይቼዋለሁ ጋሼ፣ ዙሪያውን ትቼ አረስኩ» አለኝ። አመስግኜው ሱቄን ከፈትኩ።

ከማል ግን መሀል እርሻ ላይ ሳይታረስ የቀረ መሬት ካየ ያመው ነበር።