የተፈረመበት ጊታር

አጎቴ ጋምቤላ ላለው ቤተ ክርስቲያናችን ከውጭ የላከው ኤሌክትሪክ ጊታር፣ በአንድ ዝነኛ ጊታሪስት ስም በቁጥር ጥቂት ብቻ ከተሠሩት አንዱ ነበር፤ ጀርባው ላይ የባለዝናው የእጅ ፊርማ አለበት። እኛ ዘንድ አዲስ መሣሪያ ሳይጸለይበት አይነካም። ስለዚህ ማንም ሳይሞክረው እሑድ መድረክ ላይ ወጣ። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ጭነው ጸለዩ፤ ጉባኤው እልል አለ። ጊታር ተጫዋቹ እኔ ነኝና ክሩን መታሁት። ጭጭ! ገመድ ብንቀይር፣ ድምፅ ማጉያ ብንቀይር ያው ነው። የአገራችን ሙቀት አቃጥሎት ይሆናል ብዬ አጎቴን በልቤ ይቅርታ ስጠይቅ ቆየሁ። ከአምልኮ በኋላ ብሎኑን ፈትቼ የጀርባውን ክዳን አነሳሁ። ድምፁን የሚያወጣው ሽቦ ጭራሽ አልተበየደም፤ ጫፉ እንዳዲስ ያብረቀርቃል። ይህ ጉድ ለማን ይነገራል? እኛስ ሳንሞክረው ጸለይንበት፤ እነ ባለዝናው ደግሞ ሳይሞክሩት ፈረሙበት!