የተሰበረው መርፌ

ወልድያ ውስጥ በልብስ ሰፊዎች ደጃፍ ሳልፍ የስፌት መኪና ድምፅ ከሰማሁ ግራ ዓይኔን እጨፍናለሁ።

ልጅ ሳለሁ እናቴ መርሳ ከተማ ባለው ቤታችን ውስጥ በመኪና ጥልፍ ትጠልፍ ነበር። ክሩ ጥቅጥቅ ብሎ እየተኛ ሲያብለጨልጭ ማየት ስለምወድ አገጬን ጠረጴዛው ላይ አስደግፌ አፈጥበት ነበር። አንድ ቀን በሙሽራ ቀሚስ ደረት ላይ ቅጠል ስትጠልፍ መርፌው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። አንድ ነገር ዓይኔን ወጋኝና ጮህኩ።

"እጅሽን አንሺ! እንዳታሺው!" ብላ ፊቴን ወደ በሩ ብርሃን አዞረችው። ስባሪውን ጨርቁ ላይ ፈልጋ አጣችው። ያኔ ዓይኔ የፈሰሰ መሰለኝ።

"ያ ረቢ፣ የኔን ውሰድ፣ የሷን ተውላት!" አለች። እኔ መኪናዋን የምትሰጥ መስሎኝ፣

"እማ፣ መኪናሽን አይውሰድብሽ!" ብዬ ለቅሶው ባሰብኝ። ዓይኗን ማለቷ እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

የዓይኔን ሽፋን ገልብጣ በምላሷ ጫፍ ዳበሰችው። ከዚያ ከሰሊጥ ፍሬ የምታንስ ብረት መዳፏ ላይ ተፋች። መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ዛሬም ትጠልፋለች። ትንሿን ልጄን ይዤ ስገባ ግን ገና ሰላም ሳትለን ተነሥታ መኪናውን ትሸፍነዋለች።