ለማናውቃቸው ያለቀስነው

ወደ ሴቶች ማኅበሩ የገባሁት ለጽድቅ ብዬ አይደለም። ሥራ ላይ ያልተገኘች ሴት ከቀበሌው ሱቅ ስኳር አታገኝም ስለተባለ ነው። ባሌ ወደ ሰሜን ከዘመተ ዓመት አልፎት ነበር፤ ደብዳቤው ከተቋረጠ ደግሞ አምስት ወር። ልጅ አልነበረንም። ደብረ ታቦር ውስጥ በአንዲት ጠባብ ቤት ብቻዬን ተቀምጬ የአላፊ አግዳሚውን ኮቴ ማዳመጥ ታክቶኝ ስለነበር፣ ስኳሩ ባይኖርም ሳልሄድ አልቀርም ነበር።

ጊዜው የሰባ ሰባቱ ድርቅ ነው። ከጋይንት በኩል የተራቡ ሰዎች በእግራቸው እየመጡ ከከተማው ዳር ባለ ባዶ የእህል መጋዘን ውስጥ ሰፈሩ። ብዙ ሳይቆይ ተስቦ ገባባቸው። የተላከልን ድሬሰር ሰበሰበንና፣ «በሽታውን የሚያዛምተው ቅማል ነው። ልብሳቸውን ቀቅሉ፤ ፀጉራቸውን ላጩ። መድኃኒት እስኪመጣ ያለን ይኸው ነው» አለን።

ስድስት ሴቶች ነበርን። አለቃችን ጠላ ሸጠው አራት ልጆች ያሳደጉ ባልቴት ነበሩ። ከማለዳ ጀምረን በርሜል ጥደን ልብስ እንቀቅላለን። ልብስ ስል ከትከሻ ላይ ሲነሣ የሚበጣጠስ ቡትቶ ማለቴ ነው። የጉና ተራራ ነፋስ አጥንት ድረስ ይገባል፤ ልብሱ እስኪደርቅ ባለቤቶቹ ጆንያ ተጠቅልለው ይጠብቃሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ቤቴ ስገባ የቡትቶው ሽታ አብሮኝ ይገባ ነበር። ሁለት ቀን ቀረሁ። በሦስተኛው ቀን አለቃችን ደጄ ላይ ቆመው፣ «ያመመሽ መስሎኝ ልጠይቅሽ መጣሁ» አሉኝ። እንዳላመመኝ አውቀዋል። ነጠላዬን አንሥቼ ተከተልኳቸው።

አንድ ቀን አንዲት እናት ልጄን አላስላጭም አለች። ልጅቱ ዐሥራ አንድ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ሹሩባዋ አቧራ ጠጥቶ ጠንክሯል። ምላጭ ይዤ ስጠጋ እናትየው በክንዷ ሸፈነቻት።

«እኔን ላጪኝ» አለችኝ። «ሁለት ልጆቼን መንገድ ላይ ቀብሬ ነው የመጣሁ። ሐዘንተኛ ነኝ፣ ይገባኛል። ለእሷ ግን እኔ እናቷ አለሁላት። እናት እያላት መላጨት ምን ሟርት ነው?»

«ለሐዘን አይደለም፤ ለቅማሉ ነው።»

«ቅማል በማበጠሪያም ይወጣል» አለች።

አለቃችን «ተያት» አሉኝ። እናትየዋን ላጨኋት፤ የልጅቱን ራስ በላምባ አሽተን በጨርቅ አሰርነው። ልክ ይሁን ስሕተት እስከ ዛሬ አላውቅም።

በአምስተኛው ቀን እናትየው በትኩሳት ወደቀች። ውሃ በማንኪያ እያጠጣኋት ሳለ እጄን ያዘችኝ። «የባሌ ወንድም ዝናም ሲጥል ይፈልገናል። እስከዚያ ልጄን ካይንሽ አታርቂያት» አለችኝ። እሺ አልኳት። እሺ ያልኩት ትድናለች ብዬ ነበር። ረቡዕ ጧት ሞተች።

በዚያ ሰሞን የሚሞተው ብዙ ስለነበር፣ የቀበሌው ጥበቃዎች ሬሳውን በቃሬዛ ይወስዱታል፤ ቄሱ አጠር አድርገው ፍትሐት ያደርሱና ያበቃል። ተከትሎ የሚያለቅስ ዘመድ የለም። አለቃችን ግን ከመጀመሪያው ቀን አንድ ሥርዓት አውጥተው ነበር። ከመጋዘኑ የወጣን ሬሳ ሁሉ ከእኛ ቢያንስ ሦስታችን ተከትለን እናለቅሳለን። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ እንባ አይመጣልኝም ነበር፤ ነጠላዬን አዘቅዝቄ አፌን ብቻ እከፍታለሁ። ለዚህች ሴት ግን ስድስታችንም ወጣን፤ እኔም አለቀስኩ። ከእሷ ጋር ባሌንም አለቀስኩት። መሞቱን የሰማሁት ከዚያ ሁለት ወር ቆይቶ ነው። ያረዱኝም እነዚያው ሴቶች ናቸው፤ ገና ሳይነጋ አምስቱም ደጄ ላይ ቆመው ሳይ ማንም ሳይናገር ገባኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ በየተራ አብረውኝ አደሩ። ከዚያ በፊት ከመካከላቸው ቤቴን የረገጡት አለቃችን ብቻ ነበሩ።

እናትየውን ቀብረን ስንመለስ ልጅቱ በርሜሉ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። የታሰረላትን ጨርቅ ፈትታ ጭኗ ላይ አድርጋዋለች።

«አሁን ላጪኝ» አለች።

ምላጩን አንሥቼ ላጨኋት። አልተነቃነቀችም፣ አላለቀሰችም። የወደቀውን ሹሩባ ለቅማ እሳቱ ውስጥ ከተተችው። በዚያው ቀን ቤቴ ወሰድኳት። እስከ ክረምት ከኔ ጋር ተኛች፤ አልፎ አልፎ በእንቅልፏ ታወራለች፣ ቀን ግን ካልጠየቋት አትናገርም።

ነሐሴ ላይ አጎቷ መጣ። ቀጭን፣ እግሩ ያበጠ ገበሬ ነው። ልጅቱን ሲያይ ተንበርክኮ ፊቷን በሁለት እጁ ያዘ፤ ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ «የወንድሜ ሚስት የት አረፈች?» አለኝ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወሰድኩት። ምልክት ያደረግንበትን ድንጋይ አሳየሁት።

«ፍትሐት ተደረገላት?»

«ተደርጎላታል።»

«ማን አለቀሰላት?»

«እኛ» አልኩት። «ስድስታችንም።»

ድንጋዩ ላይ ያለውን ጭቃ በመዳፉ ጠረገ። «አሮጊቷ እናቴ መሞቷን ከዚህ ከተመለሱ ሰዎች ከሰማች ወዲህ ‹ምራቴ እንደ ባዳ ተጣለች› እያለች እህል አልቀምስም ብላለች። ይህን እነግራታለሁ» አለ፤ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል ክንዱን ይዤ አነሣሁት።

ማኅበሩ ምን ሰጠሽ የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ቀበሌው ማኅተም ያለበት ምስጋና ሰጥቶኝ ነበር፤ የት እንዳስቀመጥኩት አላስታውስም። ለዚያ ገበሬ ጥያቄ ግን መልስ ይዤ መገኘቴን አስታውሳለሁ።

እስከ ከተማው መውጫ ሸኘኋቸው። ልጅቱ ሁለት ጊዜ ዞራ አየችኝ። ከዚያ ወዲያ ወሬያቸውን አልሰማሁም። ወደ መጋዘኑ ስመለስ አለቃችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሩ ላይ ይጠብቁኝ ነበር፤ በዚያን ቀንም ሁለት ሰው ሞቶ ነበር።