አባዬ ኩሩ አልነበረም

"አባትሽ የሚያዩት ፊት ለፊት ያለውን ብቻ ነው፤ በጎን በኩል ያለው ጠፍቶባቸዋል" አለችኝ ዛሬ ሶዶ ላይ ያየችን የዓይን ሐኪም።

ግላኮማ ነው። የዓይኑ ግፊት ጨምሮ፣ ምንም ሳያመው፣ እይታውን ከዳር ከዳር በልቶበታል። ያዘዘችለት የዓይን ጠብታ የቀረውን ለማቆየት ነው፤ የሄደው አይመለስም።

እኛ ከተማ ገሱባ፣ ቸርች በር ላይ፣ ሰዎች ከጎኑ እጃቸውን ሲዘረጉለት ዝም ብሎ ያልፋቸው ነበር። "የቸርች ሽማግሌ ሆኖ ከተመረጠ ወዲህ ኮራ" ብለው አሙት። እኔም "ሰው እጁን ሲዘረጋልህ ምናለ ብትጨብጠው?" ብዬ ተቆጥቼዋለሁ።

(እሱ ደግሞ "ሰዉ ምን አድርጌው ነው ሰላምታ የነሳኝ?" እያለ ያዝን ነበር።)

ከክሊኒኩ ስንወጣ ልደግፈው ከጎኑ እጄን ዘረጋሁ። ሳያየው አለፈ።

እናንተስ፣ ኮራ ብላችሁ ያማችሁት ሰው አለ? እስቲ ዓይኑን አስመርምሩት።