ደም ከመስጠቴ በፊት የሰማሁት

ሐኪሟ «ካንሰርዎ» ስትል ከኋላዬ ሌላ በሽተኛ የተቀመጠ መስሎኝ ዞር አልኩ። ከኋላዬ የነበሩት ታናሽ እህቴና ባሏ ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም አቀርቅረዋል።

ከወሎ ከመጣሁ ወዲህ መካኒሳ አቦ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የምኖረው ከእነሱ ጋር ነው። የምርመራዬን ውጤት ሁልጊዜ በር ላይ ቀድመው የሚሰሙት እነሱ ነበሩ። «ጨጓራ ነው እትዬ» ይሉኛል፤ እኔም አምናለሁ።

ሐኪሟ የማውቅ መስሏት ቀጠለች። በደም ውስጥ አርኤንኤ የሚባሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች አሉ አለች። ፕሮቲን ስለማይሠሩ ድሮ ከቁም ነገር የሚቆጥራቸው አልነበረም፤ ለካ ከወላጅ የምንወርሳቸውን ጂኖች ሥራ ያዝዛሉ። አንዳንዶቹ ካንሰርን ይገታሉ፣ አንዳንዶቹ ያባብሱታል።

«የካንሰሩ መድኃኒት ይሠራ እንደሆነ እነዚህ ቅንጣቶች ቀድመው ይጠቁሙን ይሆን ብለን እያጠናን ነው። ለጥናቱ ደም ለመስጠት ይፈቅዳሉ?»

«መጀመሪያ በሽታዬን ልወቀው» አልኳት። እሷም ደነገጠች።

«እንዳትሰጊ ብለን እኮ ነው» አለች እህቴ።

«አቦ ደጅ ቆሜ ለጨጓራዬ ስጸልይ አጠገቤ ሆነሽ አሜን ትያለሽ?»

ባሏ በቀስታ «አቦስ የትኛው በሽታ እንደሆነ አያጡትም እትዬ» ሲል፣ በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሳቄ አመለጠኝ። ከዚያ አለቀስኩ።

ደሙን ሰጠሁ፤ ሕክምናውንም ጀመርኩ። መድኃኒቱ ይሥራ አይሥራ ገና አልታወቀም። ያን ቀን ከኋላዬ ያቀረቀራችሁ ሁለታችሁ፣ በእመቤቴ ይዣችኋለሁ፤ ውጤቱ ሲመጣ ቀድማችሁ ሐኪሟን በር ላይ አታናግሯት። ከጎኔ ተቀምጣችሁ ከእኔ እኩል ስሙ።