ያልተቀባው ቫልቭ

ሰውየው ሞተር ሠሪ ነው። ሰፈሩ እናት አባቱ ያወጡለትን ስም ትቶ «ጋሽ መሃሉ» ይለዋል፤ ለዚህ ስም ያበቃው ሁልጊዜ «መሃሉን፣ መሃሉን» የሚለው የገዛ አፉ ነው። ሮከር የሚሉት ቫልቩን ከላይ እየተጫነ የሚከፍት አጭር የብረት ክንድ አለ። ጫፉ የቫልቩን አናት መሃል ለመሃል ካልረገጠ፣ ቫልቩ በተረገጠ ቁጥር ወደ ጎን እየተገፋ ማቀፊያውን ይበላል፤ አንድ ቀን አንገቱ ይቀነጠስና ፒስተኑ ላይ ይወድቃል። ከዚያ በኋላ ሞተር አለኝ ብሎ ነገር የለም። ስለዚህ ጋሽ መሃሉ የእያንዳንዱን ቫልቭ አናት ጥቁር ቀለም ይቀባል፣ ሮከሩን ያስራል፣ ሞተሩን በእጁ ያዞራል። ከዚያ ይፈታውና ሮከሩ ቀለሙን ፍቆ ያሰመረውን መስመር ያያል። ቀጭንና መሃል ላይ ከሆነ «ዝጋ» ይላል። ካልሆነ ከሮከሩ መቆሚያ ስር ስስ ብረት ይገባና እንደገና ይቀባል። እሱ «ዝጋ» ሳይል በዚያ ጋራዥ ሽፋን ለማሰር የሚደፍር አልነበረም።

ሥራውን ለታናሽ ወንድሙ ያስተማረው በፍቅር አይደለም። መስመሯ ፀጉር ታህል ከሸሸች ሁሉንም አስፈትቶ ሀ ብሎ ያስጀምረዋል። አንድ ቀን የወንድምየው እጮኛ ምሳ ይዛለት መጥታ በር ላይ ቆማ ሳለ፣ «አንቺ፣ ይሄን ዕውር ነው የምታገቢው? ይሄ መሃል ነው?» አላትና ቫልቮቹን የያዘውን የሞተሩን ራስ፣ ቴስታታውን፣ እዚያው ፊቷ አስፈታው። ልጅቷ ሳቀች። ከድንጋጤም ይሁን ከእፍረት፣ ብቻ ሳቀች። ወንድምየው አገባት፣ ወልዶ ከበደ፤ ያቺን ሳቅ ግን ከሆዱ አላወጣትም።

ዓመታት አለፉና የጋሽ መሃሉ ዓይን ደከመ። መጀመሪያ መብራቱን ረገመ፣ ቀጥሎ ቀለሙን። መነጽር ቢቀይርም ጉሙ ከመነጽሩ በስተጀርባ ነበር። ለሚስቱ እንኳ ትንፍሽ አላለም። ፈራ። «ዝጋ» ማለት ካቃተው በዚያ ጋራዥ ውስጥ ምን እንደሚሆን አያውቅም፤ ዕድሜውን ሙሉ ሌላ ነገር ሆኖ አያውቅምና። ስለዚህ መላ ዘየደ። ቫልቩ ላይ ጎንበስ ይልና የወንድሙን ትንፋሽ ያዳምጣል። ወንድሙ ከተቁነጠነጠ መስመሩ ሸሽቷል ማለት ነው፤ ረጋ ብሎ ከቆመ ደህና ነው። ወንድምየውም ይሄን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም።

የአንድ ጭነት መኪና ሞተር ገባ። ቴስታታው ፊቱ ተሞርዶ ስለቀነሰ የሮከሮቹ አቀማመጥ በሙሉ ተዛብቷል። ወንድምየው ሁሉንም አንድ በአንድ አስተካከለ። የመጨረሻዋን ቫልቭ ግን ቀለም ሳያስነካ በጨርቅ ወልውሎ አብለጨለጫት፣ ሠራተኞቹንም ጠርቶ ዙሪያውን አቆማቸው። ሾፌሩም እዚያው ነበር።

«ጋሼ፣ እስቲ ይቺን እያት። መሃል ናት?»

ጎንበስ አለ። ወንድምየው ትንፋሹ ዝንፍ ሳይል ቆመ።

«መሃል ናት።»

«ቀጭን ናት?»

«እንደ ክር። ዝጋው።»

«ጋሼ፣ ቀለም አልነካትም እኮ። ምን መስመር ታየህ?»

ሠራተኞቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ኧረ አትፍረዱበት፣ ክሩ ቀጥኖበት ነው!» አለ አንዱ። ሾፌሩ ብቻ የጫማውን ጫፍ ያያል።

«ከነገ ጀምሮ በር ላይ ወንበር ይወጣልሃል» አለ ወንድምየው፣ ድምፁን እንኳ ሳያሳድግ። «ደንበኛ ሲመጣ ሰላም ትላለህ። ሞተር አትነካም።»

«ይሄን ለብቻችን ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«አንተ እኔን ለብቻችን የነገርከኝ ቀን አለ?»

እጁን ጠረገ፣ ጨርቁን አጣጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወጣ። እንባው መጥቶበት ነበር፤ እነሱን ደስ እንዳይላቸው ዋጠው። ከኋላው አንዱ ወገቡን አጉብጦ አጎነባበሱን እያስመሰለ ያስቃቸዋል። ወንድምየውም በሳቁ መሃል፣ ደስታው ልቡን ነፍቶት፣ ሽፋኑን አንስቶ ገጠመና አሰረው። ያቺን የመጨረሻዋን ቫልቭ ማንም አልቀባትም፣ ማንም አላስተካከላትም።

በማግስቱ የመኪናው ሞተር ተነሳ። ጋሽ መሃሉ በር ላይ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከሞተሩ ጩኸት ስር ጠቅ ጠቅ የምትል ቀጭን ድምፅ ሰማ፤ ከየት እንደምትመጣም ወዲያው ገባው። እሱን መሳቂያ ለማድረግ የወለወላትን ቫልቭ ወንድምየው ተመልሶ አላያትም! አሁንም ከሠራተኞቹ ጋር እየተሳሳቀ ነው፤ አልሰማም።

ሾፌሩ መጥቶ ከወንበሩ ሥር ቁጢጥ አለ፣ እጁንም ያዘው። ሚስቱን ጋቢና ውስጥ አስቀምጧል፤ ጭነቱ ሙሉ ነው፤ መንገዱ ረጅም ቁልቁለት አለው።

«ጋሽ መሃሉ፣ እነሱ የፈለጉትን ይበሉ። እኔ አንተ ካልሰማኸው አልነዳም። እንዴት ነው?»

ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ቢናገር ሽፋኑ ይነሳል፣ ስሷ ብረት ትገባለች፣ መኪናው በሰላም ይሄዳል። እሱም እዚሁ ወንበር ላይ ይቀራል፣ የወንድሙም ስም እንዳማረበት ይኖራል። ዝም ቢል ግን ያንን ሽፋን ቫልቯን ሳይቀባ ያሰረው ማን እንደሆነ አገር ያውቀዋል። ሞተር ቁልቁለት ላይ ሲሞት ፍሬን እንደሚደክም፣ ሙሉ ጭነትም ምን እንደሚያደርግ ጋሽ መሃሉ ያውቃል። አሰበው፣ እያሰበውም ፊቱን ወደ ወንድሙ ሳቅ አዞረ።

«ምንም አይልም» አለ። «ወንድሜ አሳምሮ ነው የሠራው። ሂዱ፣ መልካም መንገድ።»

ሾፌሩ እፎይ ብሎ ትከሻውን ሳመውና ጋቢና ወጣ። መኪናው በሩን ሲያልፍ ሚስቱ በመስኮት ብቅ ብላ እጇን አወዛወዘችለት። እሱ አላያትም።