አክስቴ የራሷን ቅባት ስትፈትን

አክስቴ ሲበዛ ነገር መርማሪ ናት። «እንዲህ ቢደረግ ይሻላል» ያላትን ሁሉ «ከምን ጋር አስተያይተኸው?» ብላ ታፋጥጣለች። ጎረቤታችን ጨው የገባበት ውሃ ቶሎ ይፈላል ብላ ድርቅ ስትልባት፣ ሁለት እኩል ድስት ጥዳ፣ ሴትዮዋን ምድጃው አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀምጣ አስጠበቀቻት። ሁለቱም እኩል ፈሉ። ከዚያ ወዲህ ጎረቤታችን እኛ ቤት ስትመጣ የምታወራው ስለ አየሩ ብቻ ነው።

እንዲህ ያለችው ሴት አንድ ነገር ብቻ ፈትና አታውቅም፤ የገዛ ቅባቷን። ቫዝሊንና ሰም አቅልጣ፣ ከጓሮዋ ቅጠል ጨምቃበት የምትሸጠው የእጅ ቅባት ለስንጥቅ ፍቱን ነው ተብሎ በሰፈሩ ስም አውጥቶላታል። እናቴ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናትና ዋናዋ ተቀቢ እሷ ነበረች። ታላቅ እህቷ የሠራችውን እንዴት አትቀባም? ግን እጇ ከቀን ወደ ቀን ባሰበት። ጣቶቿ መድማት ሲጀምሩ የእጥበት ክፍሉ ኃላፊ «እስከ ወሩ መጨረሻ ካልዳነ የበሽተኛ አንሶላ አትነኪም፤ ሌላ ሥራ ፈልጊ» አላት።

አክስቴ ይህን ስትሰማ ደሟ ፈላ።

«በደንብ ስለማትቀቢ ነው! አብዝተሽ ተቀቢ!»

«እሺ እታለም፤ አሁን እኮ እየተሻለኝ ነው» አለች እናቴ፣ እጇን ኪሷ ውስጥ እየከተተች።

እኔ አላስችል አለኝ። «አክስቴ፣ ከምን ጋር አስተያይተሽው ነው?» አልኳት።

«ልክ ነሽ» አለች፤ እንደከፋት ግን ፊቷ ያስታውቃል።

መጀመሪያ ከእናቴ ጋር የሚሠሩትን፣ እንደ እሷ እጃቸው የተሰነጠቀ አጣቢዎች ሁሉ ቀኝ እጃቸውን ብቻ እንዲቀቡ፣ ግራውን እንዲተዉት አደረገች። ከሳምንት በኋላ ሄዳ ብታይ ግራና ቀኙ አንድ ነው።

«ግራችሁን ነክታችሁታል እንዴ?»

«ኧረ በጭራሽ!» አለች ሳቂታ የሚሏት አጣቢ። እንዲህ እያለችም ከጣሳው በጣቷ ጨለፈችና ሁለቱን እጇን አሻሸች። ለካስ ማንም ሰው አንድ እጁን ለይቶ መቀባት አይሆንለትም! አክስቴ ራሷ ከት ብላ ሳቀች።

ቀጥሎ ግማሾቹ ቅጠል ያለበትን፣ ግማሾቹ የሌለበትን እንዲቀቡ ወሰነች። ቀለሙና ሽታው እንዳያሳብቅ በሁለቱም ላይ አረንጓዴ የኬክ ቀለምና ቫኒላ ጠብ አደረገች። «ኬክ ቤት ልትከፍቺ ነው?» ብላት ገላመጠችኝ።

«ማን የቱን እንደያዘ አንቺ ብቻ ነሽ የምታውቂው» አለችኝ። «እኔ ካወቅሁ ዓይኔ ያደላል። እነሱ ካወቁ ደግሞ እኔን ደስ ለማሰኘት ተሻለኝ ይላሉ።»

ዕጣ አውጥቼ አደልኩ፤ ቅጠል ያለበትን ጣሳ ሁሉ ከሥሩ በምስማር ጫርኩት። ሳሙናው፣ ሥራው፣ የሚቀቡበት ሰዓት እንደነበረ ቀጠለ።

በወሩ መጨረሻ፣ በምሳ ሰዓት፣ ልብስ ማስጫው ግቢ ውስጥ አክስቴ የሁሉንም እጅ አገላብጣ አየች። የዳኑትን ወደ ግድግዳው፣ ያልዳኑትን ወደ ቧንቧው አቆመች። እናቴ ከግድግዳው በኩል ናት፤ ስንጥቋ ገጥሟል።

«አላልኩም?» ብላ አክስቴ ፈነደቀች። «የእህቴን እጅ እዩልኝ!»

«ጣሳችሁን ገልብጡ» አልኩ። «የተጫረው ቅጠል ያለበት ነው።»

ከግድግዳው በኩል የሳቂታ ጣሳ ብቻ ተጭሯል። ከቧንቧው በኩል ሁሉም። የእናቴ ጣሳ ሥሩ ልሙጥ ነው። አክስቴ አላመነችኝም፤ ጣሳዎቹን አንድ በአንድ ራሷ እያነሳች አየች። ከዚያ ቀና አለች።

«የጎዳችሁ ቅጠሉ ነው። የጎዳኋችሁ እኔ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ እንዳትነኩት፤ ለገዙኝም ሁሉ እነግራቸዋለሁ።»

በዚህ መሀል የመጣው ኃላፊ የእናቴን እጅ አይቶ «በይ ወደ ሥራሽ» ብሏት ሄደ። እሷ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

«እታለም፣ ድሮም ያቃጥለኝ ነበር» አለች ቀስ ብላ።

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«እንዳይከፋሽ ብዬ ነዋ። አብዝተሽ ተቀቢ ስትዪኝ አብዝቼ ተቀባሁ።»

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ድምጿ ያልተንቀጠቀጠው አክስቴ፣ በእናቴ እጆች ላይ ተደፍታ እንደ ልጅ አለቀሰች።